ባቡርና መርከብ በአንድ ትኬት

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ
ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ

ለእማዬ፤

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የሊሙ ገነት የማለዳ ብርድ ዘንድሮ ጠንክሯል ሲሉ ሰምቼ፣ ያ የግራ ጉልበትሽ ተነሥቶብሽ ይሆን እያልኩ ነው የከረምኩት። ዓይንሽስ? አዲሱን መነጽር ታደርጊዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለእንግዳ ብለሽ ሣጥን ውስጥ ቆልፈሽበታል? ይህን ስታነቢ እንኳ አድርጊው፤ እጄ ዛሬ ቀጥ ብሎ አልጽፍ ብሏል። ዶሮዎቹስ? የጓሮው ቡና ተለቅሞ አለቀ? እኔ እግዜር ይመስገን በአካሌ ደህና ነኝ። ባሕሩ ስላስመለሰኝ ትንሽ ከስቻለሁ እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር የለብኝም።

ከተመለስኩ ሳምንት አልፎኛል። ይህንንም ታውቂያለሽ። ከሊሙ ጅማ የሚመላለሰው ሾፌር ለሚ ትናንት ሚኒባሱን መናኸሪያ አቁሞ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጣና፣ እናትሽ በየቀኑ መንገድ ላይ ወጥተው ያስቆሙኛል፣ ልጄ ገብታለች ወይ ይሉኛል፣ ምን ልበላቸው አለኝ። ገብታለች በላት አልኩት። ታዲያ ለምን አልመጣችም ካሉኝስ አለ። ሥራ በዝቶባታል በላት አልኩት። ሥራውስ እውነትም በዝቷል፤ የዘንድሮው ቡና ለቅምሻ የሚጎርፍብን አሁን ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ስምግና ስተፋ እውላለሁ። ግን ውሸቴን ነው። ሥራ በዝቶብኝ ካንቺ የቀረሁት መቼ ነው?

እውነቱን ከፈለግሽ፣ ባለፈው ቅዳሜ መናኸሪያ ሄጄ ነበር። የሊሙው መኪና ውስጥ ገብቼ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ ሒሳብ ከፍዬ፣ ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ወረድኩ። ረዳቱ ብሬን ሊመልስልኝ እየሮጠ ተከተለኝ፤ እኔ ደግሞ የሆነ ነገር የሰረቅኩ ይመስል ፈጠንኩበት። እሑድም ሄድኩ። እሑድስ ጭራሽ መኪናው ውስጥ አልገባሁም፤ ሸንኮራ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ ቆሜ መኪናው ሞልቶ ሲወጣ አየሁና በባጃጅ ተመለስኩ። ቤት ስገባ ደግሞ መቀመጥ አቃተኝ። ከክፍል ክፍል እዞራለሁ እንዳልልሽ ክፍሌ አንድ ነች፤ ከግድግዳ ግድግዳ እዞራለሁ። የታጠበ ብርጭቆ አጥባለሁ። አከራዬ ምነው ልጄ ትኋን ገባብሽ እንዴ አሉኝ።

ስለዚህ ቢያንስ መንገዱን በደብዳቤ ልንገርሽ ብዬ ተቀመጥኩ። በስልክ እንዳልነግርሽ ስልክ ትጠያለሽ። ካቻምና ለቀማው ሳያልቅ ሹልክ ብሎ የሄደው ወንድሜ ዮኤል ከዚያ ከባሕሩ ዳር ደውሎ፣ እማ ነገ እንሻገራለን፣ የመን ስንገባ እደውልልሻለሁ ካለሽ ጀምሮ ጠላሽው። ከዚያ በኋላ የጠራው ሁሉ የእሱ ስላልሆነ ነው። እኔ እንኳ ስደውልልሽ ደረትሽን ይዘሽ ነው የምታነሺው፤ ድምፅሽ ላይ ይሰማኛል።

ለሰዉ ሁሉ ልጄ ልትዝናና ሄደች ብለሻል። እኔም እንደዚያው ብያለሁ። መሥሪያ ቤት ያልታማሁት ነገር የለም፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ዕቁቧ ሲደርሳት በሱ ቤት እንደ መሥራት ባሕር ላይ ልትንሳፈፍ ሄደች ተብያለሁ። ይበሉ። ሄርማታ፣ ገበያው አጠገብ ካለው አስጎብኚ ድርጅት መስኮት ላይ ያንን ማስታወቂያ ያየሁ ቀን ምን እንደተሰማኝ እነሱ አያውቁም። ባቡርና መርከብ በአንድ ትኬት ይላል። ነጭ መርከብ፣ መነጽር ያደረገች ሴት፣ ብርጭቆ ውስጥ ብርቱካን። እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ እየበሉ እያደሩ ባሕር ላይ ሽርሽር። መጀመሪያ ተናደድኩ እማዬ። ወንድሜ በጨለማ በጀልባ የገባበትን ውሃ ሰው ለመዝናኛ ይከፍልበታል ማለት ነው ብዬ መንገዱ መሀል ቆሜ ብቻዬን አጉረመረምኩ። አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋብኝ። ከዚያ ገባሁና ስሜን አስመዘገብኩ። አለ ወይስ የለም፣ ይህንን አንድ ነገር ለመጠየቅ ሌላ ምን መንገድ ነበረኝ? በዓሉ መጣ፣ ሄደ፤ ልብሱን አጥበሽ እንደገና አጠፍሽው፤ አልቅሰን አልወጣልን፣ ስቀን አልሆነልን።

የመውጫዬን ማለዳ ነገር አንዴ ሳስበው ሳቅ ያፍነኛል፣ አንዴ ያንቀጠቅጠኛል። አሁንም እየጻፍኩት ሁለቱም ላይ ነኝ። የድርጅቱ ሚኒባስ የቡና ነጋዴውን ሐጂ ጠሃንና ባለቤታቸውን ነጅላን ከሊሙ ገነት ስለሚያነሣ፣ እኔም አንቺ ጋ አድሬ ከዚያው ልሳፈር ተባባልን። ኤልያብ የሚባለው የድርጅቱ ልጅ ጎህ ሳይቀድ ካልወጣን ባቡሩ ያመልጠናል አለ። ሁላችንም እሺ አልን። ከመሀላችን አንድ ሰው እንኳ፣ እኔም ጭምር፣ ምን እንደሚመስል አላሰበም። ሐጂ ጠሃ ብርዱን ፈርተው ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበዋል። ነጅላ ጥቁር ሻርፕ ጣል አድርጋለች። ኤልያብ እጁን አጣጥፏል፣ ሾፌሩ ከኋላቸው። ጎረቤት እንዳይቀሰቅሱ ደግሞ በሩን ቀስ ብለው አንኳኩ። በዚያ ሰዓት፣ ተከናንቦ፣ በርከት ብሎ፣ ቀስ ብሎ የሚያንኳኳ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ አገር የት አለ? መርዶ ነዋ።

ጎረቤትሽ እትዬ ዓለምብርሃን ለጸሎት ተነሥተው በአጥሩ ቀዳዳ አዩዋቸው። አንቺ በሩን ከፍተሽ አራቱን አየሽና እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አልሽ። እትዬ ዓለምብርሃን ያን ጊዜ ዮኤልዬ ብለው ጮኹ። እሳቸው ሲጮኹ ማዶ ያሉት ጮኹ፣ እነዚያ ሲጮኹ የላይኛው ሰፈር ተሰማ። ሐጂ ጠሃ ምስኪን የማን ለቅሶ ላይ እንደደረሱ ግራ ገብቷቸው፣ ለማንኛውም ብለው ኢና ሊላህ አሉና እንባቸው መጣ። ሰዉ ደግሞ ሐጂ እንዲህ ካለቀሱማ አለቀ ብሎ ባሰበት። እኔ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ከጓዳ ስወጣ ግቢው ሞልቷል። ልጁን ያገኘው ማነው፣ የት ነው የተገኘው እያሉ ኤልያብን ይጠይቁታል፤ እሱ ደግሞ እህቱን ልንወስድ ነው የመጣነው ይላል። እህቱም ሄደች ብሎ ያለቀሰ ሰው ነበር።

ሻንጣዬን ስታዪ ገባሽ። ተነሥተሽ አቧራሽን አራገፍሽ፣ ነጠላሽን አስተካከልሽ። ሰው ሁሉ በሃፍረት መሬት መሬት ሲያይ፣ አንቺ ሐጂን በክንዳቸው ይዘሽ፣ ቁርስ ሳትቀምሱ አትሄዱም አልሽ። ዳቦውን ራስሽ ቆርሰሽ አደልሻቸው። እትዬ ዓለምብርሃን ከዚያ ቀን ወዲህ በሃፍረት ደጅሽን አልረገጡም አለኝ ለሚ። በሚኒባሱ በር ላይ ክንዴን ይዘሽ ያልሽኝን ደግሞ አልረሳሁትም። እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ አሁን መንገዱን ልጨርስልሽ።

አዲስ አበባ አድረን በማግስቱ ከለቡ ተሳፈርን። ባቡሩ ንጹሕ ነው፤ ወንበሩ ያስተኛል፤ መስኮቱ ትልቅ ነው። ለእኔ ግን ወንበር ምን ያደርግልኛል? አዳማን ሳናልፍ ከፉርጎ ፉርጎ መመላለስ ጀመርኩ። ነጅላ አይታ አይታ ሰለቻትና፣ ማሎ ተቀመጪ፣ ባቡሩ ራሱ እየሄደ አይደል እንዴ፣ አንቺ ደግሞ በላዩ ላይ ምን ትሄጃለሽ አለችኝ። ከቤቷ ያመጣችውን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በማንኪያ ቆርሳ አፌ ውስጥ ከተተችልኝ፤ ለመዋጥ ስል ተቀመጥኩ። ሐጂ ጠሃ ግን እንደ ልጅ ነው የሆኑት። አንድ ቦታ ኮንቴይነር የጫነ ባቡር በጎናችን ሲያልፍ ብድግ ብለው፣ የእኔ ቡና ስንት ዓመት በዚህ ሲያልፍ አንድ ቀን ፓስፖርት አልተጠየቀም፣ እኔ ገና ዛሬ ተፈቀደልኝ አሉ። አሳቁኝ። እኔም ቀምሼ ደረጃ ያወጣሁለት ቡና ሁሉ በዚህ ማለፉን ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት።

ድሬዳዋ ብዙ ሰው ወረደ። ከድንበሩ ከደወሌ በኋላ ያለው አገር ድንጋይና ፀሐይ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ነው ያየኋቸው። ከሐዲዱ ራቅ ብለው፣ በአንድ መስመር፣ ልጆች ይሄዳሉ። የዮኤል ዕድሜ፣ ከእሱም የሚያንሱ። አንዳንዱ የውሃ ጀሪካን ይዟል፣ አንዳንዱ ሸበጥ ነው ያደረገው። ቀና ብሎ ባቡሩን ያየ የለም። ነጅላ ቀስ ብላ መጋረጃውን ሳበችው። እኔ መልሼ ከፈትኩት፤ እስኪጠፉ ድረስ ፊታቸውን አንድ በአንድ ፈለግኩ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም፣ ካቻምና የሄደ ልጅ ዛሬም እየተራመደ አይጠብቀኝ። ነጅላ እጄን ያዘችኝ። ለምን እንደመጣሁ ያን ጊዜ ገብቷት ይመስለኛል።

መርከቡ እንደ ሥዕሉ ትልቅ አይደለም፤ ነጭነቱ ግን እውነት ነው። ክፍሌ ክብ መስኮት አላት፣ ስተኛ ውሃው ከጆሮዬ ሥር ይንቦጫረቃል። ኤልያብ ስልኩን ደግኖ ቀኑን ሙሉ ፈገግ በሉ ይለናል። ፎቶዬን አመጣልሽ የለ፣ ያንን ፈገግታዬን ስታዪ ትስቂብኛለሽ። ሐጂ ሱሪያቸውን ሰብስበው እግራቸውን ውሃ ውስጥ ከተው ውለው አይወጡም። ረቡዕ ዓሣ በልቻለሁ፤ ሌላ የሚበላ አልነበረም፤ ለንስሐ አባታችን ለአባ እንዳትነግሪብኝ። ማታ ማታ ማዶ መብራት ይታያል፤ ያ ነው ልጆቹ የሚነሱበት ዳርቻ አሉኝ። ውሃው ቀን ላይ ሲያዩት እንዴት ያምራል መሰለሽ እማዬ። ማማሩ ነው ያናደደኝ።

ወደብ ላይ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ዘበኛ፣ የሻይ ቤት ሴት፣ ዓሣ አጥማጅ። የዮኤልን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ አሳያለሁ፤ ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አንዳንዱ ደግሞ ስንቱን ልወቀው ይለኛል። ተስፋ ቆርጬ መርከቡ ፎቅ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። አስተናጋጇ ቡና አመጣችልኝ። ደህና ነገር እንደማይሆን ከሽታው አውቄዋለሁ፤ ግን የሥራ ነገር እጅና አፍ ላይ ይቀራል። ማንኪያውን ሞልቼ እንደ ቅምሻው ክፍል በኃይል ሳብኩት።

ያን ድምፄን ታውቂዋለሽ። ቡናው ምላስ ላይ እንዲበተን ከአየር ጋር ሹርርር ተደርጎ ነው የሚሳበው፣ እየሰማ የማይሳቀቅ የለም። ዮኤል ስንት ጊዜ አሹፎብኛል። የፋሲካ ለት ዶሮ ወጥሽን በማንኪያ ሹርርር አድርጎ ስቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ደረጃ ሁለት፣ ትንሽ ጨው ይጎድለዋል ያለሽ ትዝ ይልሻል? በማማሰያ ነበር ያባረርሽው። እኔ አኩርፌ፣ አንቺ እየሳቅሽ።

ሳብኩት፣ ወደ ባሕሩ ተፋሁት። አጠገቤ ያሉት እንግዶች አስቀያሚ ነገር እንዳዩ ዞር አሉ። ያን ጊዜ ከታች ከወጥ ቤቱ የሆነ ነገር ወድቆ ሲንኳኳ ሰማሁ። ሽርጥ ያገለደመ፣ እጁ ዱቄት የሆነ ልጅ ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ፣ ሰዉን አንድ በአንድ እያየ እኔ ላይ ደረሰ። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ አሁን ቡና የሳበው ማነው አለ። እኔ ነኝ አልኩት። ቆመና አየኝ። ከዚያ የዮኤል እህት ነሽ አለኝ። ነሽ ወይ አላለኝም።

ሸኩር ይባላል። የአጋሮ ልጅ ነው። ከዮኤል ጋር የተገናኙት እዚያው ዳርቻው ላይ፣ ከእሾህ ዛፍ ሥር ጀልባ ሲጠብቁ ነው። ቀናት ነው የጠበቁት። ውሃው በጀሪካን የሚመጣ፣ ሙቅ፣ የሚሸት ነው አለኝ። ዮኤል ታዲያ በክዳኑ እየቀዳ ሹርርር አድርጎ ይስብና፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣዕሙ ላስቲክ ላስቲክ ይላል፣ ደረጃ አምስት፣ ለውጭ ገበያ አይሆንም ይላቸው ነበር አሉ። እህቴ ብትሆን ገና በማሽተቷ ትጥለው ነበር ይላቸዋል። የማይስቅ አልነበረም አለኝ ሸኩር፤ የሚያለቅሱት እንኳ ይስቁ ነበር። ያን ድምፅ ከእሱ በቀር ከማንም ሰምቼ አላውቅም አለኝ። እማዬ፣ ልጅሽ እዚያ ድረስ ይዞን ሄዷል። አንቺንም፣ እኔንም፣ ሽሙጡንም።

ከዚያ ሸኩር የቀረውን ነገረኝ። በአንድ ጀልባ ነበሩ።

እዚህ ላይ እስክሪብቶውን ጥዬ ወጥቼ ነበር። ሙዝ ገዛሁ። ሙዝ አላማረኝም፤ መንገድ ላይ ላገኘኋቸው ልጆች ሰጥቼ ተመለስኩ። አሁን ተቀመጥኩ። ለአንቺ ሻሽ ገዝቼልሻለሁ፤ ቀለሙ የአመድ ነው፣ ደማቅ አልወሰድኩም። ቴምርም አለ፤ ነጅላ ናት የመረጠችልሽ፣ እናቴ ትለሻለች፣ ያን ማለዳ የቀመስኩትን ዳቦ አልረሳሁም ትላለች።

ሸኩር አገሩ መግባት ያፍራል። ባዶ እጄን፣ ከዚያ ሁሉ ልጅ መሀል ብቻዬን ተርፌ እንዴት ብዬ ይላል። እናቱም ስለ እሱ ምንም አልሰማችም። ንገሪልኝ ብሎ ለመነኝ። ሰኞ አጋሮ ሄድኩ። ሊሙ መሄድ ያቃተኝ እኔ፣ አጋሮ ስሄድ እግሬ አልከበደኝም። በሩን ደፍሬ አንኳኳሁ። ልጅሽ አለ፣ ወጥ ቤት ይሠራል፣ ደህና ነው አልኳት። አልሐምዱሊላህ ብላ እጄን ይዛ ትስመው ጀመር፤ ኤረ በሕግ ብላት አልለቅ አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ ለሸኩር ደወልኩላት፤ ድምፁን ስትሰማ እዚያው ቁጭ አለች። ጎረቤቱ በእልልታ ግቢውን ሞላው። እኔም እልል አልኩ፤ ማለት አለብኝና። ግን ቀናሁባት እማዬ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የቀዳችልኝን ወተት እየጠጣሁ ቀናሁባት፤ አስፋልቱ ላይ ስወጣ አጥር ተደግፌ አለቀስኩ።

ትናንት ማታ አክስቴ ቆንጂት መጣች። እህትሽን ታውቂያታለሽ፣ ገና ፊቴን ስታይ ሁሉንም ከፊቴ ላይ አነበበችው። እኔ ምንም አልነገርኳትም። እንግዲያው አጎቶችሽ ይጠሩ፣ አባም ይኑሩ፣ ማለዳ ተነሥተን አብረን እንሂድ፣ ይህ የአንድ ሴት ሥራ አይደለም አለች። አይሆንም አልኳት። አገር ምን ይላል፣ እናትሽ ብትወድቅ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ አለች። እይዛታለሁ አልኳት። ተጨቃጨቅን። ደረቅ ነሽ እንደ እናትሽ ብላኝ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ወጣች። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌባት ስለነበር ሌሊቱን ጸጸተኝ፤ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ግን ሐሳቤን አልቀይርም።

ምክንያቱም ቃልሽ አለብኝ። ሚኒባሱ በር ላይ ክንዴን ይዘሽ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ከእንግዲህ በጎህ በሬን የሚያንኳኳ አልፈልግም አልሽኝ። ዛሬ እኔ ሳልሰማ አገር ሰማ፣ እኔ ሳላለቅስ አገር አለቀሰልኝ አልሽ። ዮኤልን በደህና ካገኘሽው እዚያው ሆነሽ ደውዪልኝ፣ ያን ቀን ስልኩን ደስ ብሎኝ አነሣዋለሁ አልሽኝ። ሌላ ከሆነ ግን አልሽና ክንዴን አጠበቅሽ። ሌላ ከሆነ ሽማግሌ አታስከትዪብኝ፣ ተከናንበሽ አትምጪብኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻሽን ነዪ። ከአንቺ አፍ ልስማው አልሽኝ።

አልደወልኩልሽም።

ይህን ሁሉ ቀን ከግድግዳ ግድግዳ ያዞረኝ ይኸው ነው። ከመኪናው ያስወረደኝም ይኸው ነው። ፈራሁ፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። ደግሞም በድንገት መያዝ እንደምትጠዪ አውቃለሁ፤ ብቻሽን የምትቀመጪበት አንድ ቀን እንዲኖርሽ ብዬ ነው ደብዳቤው ቀድሞኝ እንዲደርስ የፈለግኩት። ለሚ ነገ ዓርብ ያደርስልሻል። ስትቀበዪው ምንም እንዳትጠይቂው፤ እሱ ምንም አያውቅም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። እንደ ባለፈው ሳልደርስ ከመኪናው አልወርድም። በምሳ ሰዓት፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን፣ በዋናው መንገድ በእግሬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ሻርፕ ሳልከናነብ እመጣለሁ። ብቻዬን ነኝ። አላንኳኳም፤ በሩን ክፍት አድርገሽ ጠብቂኝ። ምሳ አትሥሪ፣ ዳቦውንም እኔ ይዤ እመጣለሁ። አጠገብሽ እቀመጥና ሸኩር የነገረኝን ሁሉ፣ አንድ ሳላስቀር፣ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ። የሚያስቀውንም ጭምር። የፈለግሽውን ያህል ጊዜ ሁለታችን ብቻ እንሆናለን።

እስከዚያው እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ። ያሳደግሽበት እጅሽ አይዛልብኝ። ወላዲተ አምላክ ከጎንሽ አትለይ፤ እኔም አልለይም። ጉንጭሽን፣ ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

ልጅሽ

የረሳሁት፦ ለእትዬ ዓለምብርሃን ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ያን ማለዳ ስለጮኹት አትቀየሚያቸው፣ ቢያፍሩም አንቺው ሄደሽ አናግሪያቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም አንቺ ስትጠሪያቸው እንዲሰሙ ከቤታቸው እንዳይርቁ ንገሪያቸው።